ለዘጠና ቀን ያልተለወጠ ኪኒን

ግራንድ ፎርክስ፣ ሰሜን ዳኮታ
ኦክቶበር 29 ቀን 1995

ለተከበርሽው እህቴ ለወይዘሮ ቴክላ፤

ከመንገድ የተላከ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። የአያቶቻችን አምላክ ከበረዶው፣ ከመንሸራተትና ከቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ይጠብቅሽ። እኔና ፓውሊን ለጤናችን ደህና ነን።

ትናንት ከማኒቶባ ወጥተን ድንበሩን ወደ አሜሪካ ተሻገርን። የአሜሪካኑ ዘበኛ የመኪና ቤታችን ውስጥ ገብቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ» አለች ፓውሊን።

«ስንት ነው?»

«ሰባ ሁለት።»

«ለስንት ሰው?»

«ለሁለት። እሱ ግን እንደ አንድ ሰው አይበላም።»

ሰውየው እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና ማቀዝቀዣውን ዘጋው። አዘነልኝ መሰለኝ።

እንደምታውቂው ሠላሳ ስምንት ዓመት የእህል ጎተራ ሹም ሆኜ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል አንድም ቀን ከዶፊን ወጥቼ አላውቅም። ይህን ጉዞ የምናደርገው ለፓውሊን እጆች ነው። አምና በጃንዋሪ ጣቶቿ ተጨብጠው ቀሩ። ልብሷን የምቆልፍላት፣ ጸጉሯን የማበጥርላት እኔ ባሏ ነበርኩ። እንዴት እንደማበጥር ደግሞ ለቅዳሴ ስትመጣ አይተሻል። ሐኪሙ «አንድ የበረዶ ወራት ሞቃት አገር ብታሳልፍ» ብሏታል። እሷ ግን «ሜትሮ ካልነዳ የትም አልሄድም» አለች። ስለዚህ እየነዳሁ ነው።

የቤቱን ነገር አደራ። የቤቱ ኢንሹራንስ በየሦስት ቀኑ ሰው ገብቶ እንዲያየው ይፈልጋል። ከቧንቧዎቹ ትንሽ ትንሽ ውሃ አፍስሺ፤ ማሞቂያው መሥራቱን እዪ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተሩ ላይ ጽፈሽ ፈርሚ። ፊርማው ከሌለ ቧንቧው ቢፈነዳ አይከፍሉም። ወረቀታቸውን ቃል በቃል አንብቤዋለሁ።

የአክስትሽ ልጅ ያልሆንኩ፣ ግን የአያትሽ እህት የልጅ ልጅ የሆንኩ፣
ሜትሮ ዛፖቶችኒ


ዶፊን፣ ማኒቶባ
ኖቬምበር 12 ቀን 1995

ለወንድሜ ለሜትሮ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ለፓውሊንም። መንገዱን ያቅናላችሁ።

ቤትህ ደህና ነው። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት፣ ውስጡ ከዜሮ በላይ አሥራ ሦስት። አምስት ጊዜ ገብቼ አምስት ጊዜ ፈርሜአለሁ። ስገባ «ደህና ዋላችሁ» እላለሁ፤ ለማን እንደምል አላውቅም። ባለፈው ጎረቤትህ በመስኮት ሰምቶኝ «ቴክላ፣ ተመለሱ እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ ማሞቂያውን ነው ሰላም ያልኩት» ብዬ አለፍኩ። አሁን ከሩቅ ያየኛል።

ሃያ ስድስት ዓመት የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኜ የሠራሁ ሰው በመሆኔ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ካላነበብኩ አያስችለኝም። ኩሽናችሁ ያለው ካላንደር ላይ ዲሴምበር 4 በቀይ ተከብቧል። «ዊኒፔግ፣ አራት ሰዓት ተኩል» ይላል፣ በአንተ እጅ ጽሕፈት። ዲሴምበር 4 ቀን ቴክሳስ ነህ። ለአንድ ሰው ማስታወቅ ካለብኝ ጻፍልኝ፣ እደውላለሁ።

ቴክላ


ከብራውንስቪል ወጣ ብሎ፣ ቴክሳስ
ኖቬምበር 27 ቀን 1995

ለተከበርሽው እህቴ ለቴክላ፤

ይህ ሰላምታ ከሞቀ አገር የመጣ ነውና ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። እኛ ለጤናችን ደህና ነን።

ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዘን ከሰው ራቅን ስንል ግራችን ከሮብሊን፣ ቀኛችን ከስዋን ሪቨር የመጡ የራሳችን አካባቢ ሰዎች ሆነው አገኘናቸው። የመኪና ቤቶቹ በረድፍ ነው የሚቆሙት። እኛ ያለንበት «የማኒቶባ ረድፍ» ይባላል። ከኋላችን የጎረቤት ክፍለ ሀገር ሰዎች፣ ሰስካችዋኖች ናቸው፤ ሰላም እንባባላለን፣ ሆኖም ቢንጎ ጨዋታ ላይ አናምናቸውም። ከባሕሩ የሚለየን አንድ የአሸዋ ጉብታ ብቻ ነው። ሌሊት ሌሊት ባሕሩ ሲያጉረመርም ፓውሊን የእህል ባቡር እየመሰላት ትነቃለች።

ጠዋት ጠዋት ወንዶቹ አጭር ሱሪ ለብሰው በሰፈሩ ቢሮ ሰሌዳ ፊት ይሰበሰባሉ። እዚያ የዊኒፔግ የአየር ሁኔታ ይለጠፋል። ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት የሚል ቀን ደስታው ለጉድ ነው። ባለፈው ሳምንት ከዜሮ በታች ስድስት ብቻ ይል ነበር፤ አንዱ ቅር ብሎት ቁርሱን ሳይጨርስ ገባ።

ትልቁን ነገር ለመጨረሻ አቆየሁት። ሐሙስ ጠዋት ፓውሊን ሸሚዟን ራሷ ቆለፈች። ስድስት ቁልፍ። አንዱን ስታ እንደገና ፈትታ ቆለፈችው። እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ተቀምጬ ነበር። ስትጨርስ «ምን ታያለህ?» አለችኝ። «የእህል ዋጋ» አልኳት።

ስለ ካላንደሩ የጠየቅሽው የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነው። ችላ በይው።

ሜትሮ


ዶፊን፣ ማኒቶባ
ዲሴምበር 7 ቀን 1995

ለወንድሜ ለሜትሮ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለ ፓውሊን ጣቶች እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤህን ሁለቴ ያነበብኩት ለዚያ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ከክሊኒኩ የክርስትና ልጄ ዶሪን ደወለች። በጉዞህ ጊዜ ለሚፈጠር ነገር የእኔን ስልክ ሰጥተህ ነው የሄድከው።

«እትዬ ቴክላ፣ ሜትሮ የት ነው ያለው?»

«ቴክሳስ።»

«ቴክሳስ ምን ይሠራል? ትናንት እኮ ዊኒፔግ የልብ ሐኪሙ ጋ መቅረብ ነበረበት። ሰው አራት ወር የሚጠብቀው ቀጠሮ ነው።»

«ረስቶት ይሆናላ።»

«ማ? ሜትሮ? በ1954 የማን ስንዴ እርጥብ እንደነበር አሁንም እየዞረ የሚናገር ሰው?» ካለች በኋላ «ይህን ልነግርሽ አይገባኝም ነበር» አለች። ነግራኝ ስታበቃ።

ልብ ውስጥ ጥርስ እንደሚበቅል አላውቅም ነበር። ምን እንደሆነ እንድትጽፍልኝ እፈልጋለሁ፤ «ለጤናችን ደህና ነን» የሚለውን ትተህ።

ማሞቂያው ደህና ነው። ፈርሜአለሁ።

ቴክላ


ከብራውንስቪል ወጣ ብሎ፣ ቴክሳስ
ዲሴምበር 20 ቀን 1995

ለእህቴ ለቴክላ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ፓውሊን እዚህ አትመጣም፤ አጣቢው እኔ ነኝ።

በኦገስት 14 ሐኪሙ ልቤን ሲያዳምጥ ቆይቶ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። ሐኪም ወንበር ሲስብ ታውቂያለሽ። «የልብህ በር በደንብ አይዘጋም» አለኝ። አዲስ ኪኒን አዘዘ፣ ዊኒፔግ እንድመረመር ጻፈ። ምናልባትም በቀዶ ሕክምና ይጠገናል አለ።

እቤት ስገባ የጉዞው የሕክምና ኢንሹራንስ ፎርም ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀኛል። ሰባተኛው ጥያቄ፦ «ባለፉት ዘጠና ቀናት የሚወስዱት መድኃኒት ተለውጧል?» ከተለወጠ ለልብ አንከፍልም ይላል። ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ ፓውሊን ድንበር አትሻገርም፤ አባቷ አንዴ ድንበር ተሻግሮ ፋርጎ ላይ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ለሕክምናው ሁለት ላም እንደሸጠ እስከ ዛሬ ታወራለች። ኪኒኑን ብጀምር እሷ ትቀራለች፤ ከቀረች እጇ ይጨበጣል። ስለዚህ ማዘዣውን መሳቢያው ውስጥ፣ ከሲባጎው ሥር አስቀመጥኩትና «አልተለወጠም» ብዬ ሞላሁ።

ልብ በይ፣ አልዋሸሁም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የገበሬ እህል ደረጃ ስሰጥ ዋሽቼ አላውቅም። መድኃኒቴ በእርግጥ አልተለወጠም። እውነቱ እንዲገኝ ትንሽ አመቻቸሁት እንጂ።

ፓውሊን አታውቅም። እንዳትነግሪያት በአያቶቻችን መቃብር አምልሻለሁ። ኤፕሪል ላይ ተመልሼ እንደሚሉኝ እሆናለሁ። እስከዚያ ቀስ ብዬ እራመዳለሁ። እዚህ ሁሉም ሰው ቀስ ብሎ ስለሚራመድ አይታወቅብኝም።

መልካም የልደት በዓል ይሁንልሽ፣ የፈረንጆቹም የእኛም።

ሜትሮ


ዶፊን፣ ማኒቶባ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1996

ለወንድሜ ለሜትሮ፤

በልደቱ ስም ሰላም እልሃለሁ።

የልደት ዋዜማውን እራት ብቻዬን በላሁ። የስንዴውን ንፍሮ በማር ሠርቼ፣ አሥራ ሁለቱንም ምግብ በየዓይነቱ አንድ አንድ ማንኪያ። ለሞቱት የሚቀመጠውን ትርፍ ሳህን ስዘረጋ የማስቀምጥላቸውን ሙታን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ለምን እንደሆነ ይገባሃል።

መሳቢያህን ከፍቻለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም። ማዘዣውን ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ፤ ኪኒኑን በፖስታ ልልክልህ ነበር። ሰውየው ቀኑን አየና «ይሄ የኦገስት ወረቀት ነው፤ በሽተኛው ሳይታይ አልሰጥም» አለኝ። «በሽተኛው ፀሐይ እየሞቀ ነው» አልኩት። «እንግዲያውስ ደህና ነው» አለ።

ከማዘዣው ሥር የኢንሹራንሱን ደብተር አገኘሁ። አንተ ፎርሙን ነው ያነበብከው። እኔ ደብተሩን ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኩት። ገጽ አሥራ አንድ ላይ «የተለወጠ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ይተረጉማል። ቃል በቃል ልገልብጥልህ፦ «የተለወጠ፣ ወይም እንዲለወጥ ሐኪም ያዘዘ፣ ወይም ውጤቱ ገና ያልታወቀ ምርመራ እንዲደረግ የተወሰነበት፣ በሽተኛው ቢፈጽመውም ባይፈጽመውም።»

ሜትሮ፣ ኪኒኑን የተውከው ዋስትናው እንዳይፈርስ ነው። ዋስትናው ግን ሐኪሙ ብዕሩን ያነሳ ዕለት ፈርሷል። ከኦክቶበር ጀምሮ ዋስትናም የለህም፣ ኪኒንም የለህም።

ዶሪን ለምና ለፌብሩዋሪ 20 ሌላ ቀጠሮ አግኝታልሃለች። ለፓውሊን ንገራትና ተመለሱ።

ቴክላ


ከብራውንስቪል ወጣ ብሎ፣ ቴክሳስ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1996

ለእህቴ ለቴክላ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለቆየሁ ይቅርታ። ደብዳቤሽ ጃንዋሪ 18 ደርሶኛል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ነበር።

የገለበጥሽልኝን ገጽ አሥራ አንድ ማጠቢያው ክፍል ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የልብሱ ማሽን ሲጨርስ ሌላ ሰው አውጥቶልኛል፤ እኔ አልሰማሁም። አንድ ገበሬ ነበረኝ፣ ስንዴው ይረጥብብኛል ብሎ በሸራ ሸፍኖ፣ ሸፍኖ፣ በሸራው ሥር አብቅሎት የመጣ። ስቄበት ነበር። ሞቷል አሁን።

ጫማዬ አልገባ ብሎኛል። ለፓውሊን ጨው ነው አልኳት። ስለዚህ ምግቡን አልጫ አደረገችው፤ ረድፉ ሁሉ እየተጎዳ ነው። ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ስለዚህ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የማንቀላፋው። ማንኮራፋቴ እንዳይረብሽሽ ብያታለሁ። ተመስገን አለች።

እዚህ ሆስፒታል ብገባ በሳምንት ውስጥ ቤቱ ይሸጣል፤ አንቺም የምትፈርሚበት ደብተር አይኖርሽም። መመለስ እንዳለብኝ ገብቶኛል። ግን ምክንያት ያስፈልገኛል። ፓውሊን እስከ ኤፕሪል ሳትከፋ የምትቀመጥበትን ቦታ አግኝታለች፤ ያለ ምክንያት እንሂድ ብላት ዓይኔን ታየዋለች፣ ካየችው ደግሞ አለቀ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ታምሜአለሁ ብለሽ ጻፊላት። ብቻዬን ነኝ፣ ድረሱልኝ በይ። ላንቺ ስትል በማግስቱ ትነሳለች። እውነቱን ዊኒፔግ ስንደርስ እነግራታለሁ።

ሜትሮ


ዶፊን፣ ማኒቶባ
ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1996

ሜትሮ፤

ሰላም ላንተ ይሁን።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። የታጠፈው ለፓውሊን ነው። ብርዱ ሳንባዬን እንደጎዳው፣ ሳሉ እንዳልለቀቀኝ፣ ደረጃ መውጣት እንዳቃተኝ ጽፌአለሁ። በሽታ መምረጥ ከባድ ነው። ልብ ልል ነበር፣ ተይዟል።

በስድሳ ሰባት ዓመቴ የመጀመሪያዬ የሐሰት ሰነድ ነው። ቀንና ፊርማ አለው።

የፌብሩዋሪ 20ው ቀጠሮ አይደረስበትም። ዶሪን ሌላ እየፈለገች ነው። አሁን ተነሱ።

ቴክላ


ከብራውንስቪል ወጣ ብሎ፣ ቴክሳስ
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1996

ለእህቴ ለቴክላ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ለሳንባሽም ምሕረት ይውረድልሽ። ለምን እንዲህ እንደምል አሁን ትረጃለሽ።

ደብዳቤሽን ሰጠኋት። ቆማ አነበበች፣ ተቀመጠች፣ አለቀሰች። እኔም ካርታውን አወጣሁ። ያን ጊዜ እንባዋን ጠረገችና፣

«ካርታው ለምንድን ነው?» አለች።

«ወደ ቴክላ እንሂድ እንጂ።»

«ሜትሮ፣ ሳንባዋን የጎዳው ምንድን ነው?»

«ብርድ።»

«ሳንባዋን ብርድ ለጎዳት ሴት አንተ ብርድ ውስጥ ሄደህ ምን ልታደርግላት? ትንፋሽ ልትሰጣት? እሷ ናት ወደዚህ መምጣት ያለባት። እጄን ያየ ሰው እንዲህ ይላል?» ብላ ጣቶቿን ፊቴ ላይ ዘረጋቻቸው። አሥሩም ቀጥ ብለው።

ካርታውን አጠፍኩት። ሌላ በሽታ ብትመርጪ ኖሮ አልልም፤ አንቺም ጨንቆሽ ነው። ነገር ግን ማታውኑ ሴቶቹ ተሰብስበው አልጋ ተገኘልሽ። ከስዋን ሪቨር የመጣችው ፍራሽ ሰጠች። ሰስካችዋኖች እንኳን ብርድ ልብስ አዋጡ፤ እዚህ ብርድ ልብስ ለምን ይዘው እንደመጡ ማንም አልጠየቃቸውም። እሁድ እሁድ ጸሎት ላይ ስምሽ ከሕመምተኞች ጋር ይጠራል። የእኔ አይጠራም፣ ጤነኛ ነኛ። ቆሜ «አሜን» እላለሁ።

ቴክላ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ካርታውን ሳጥፈው ቀለል አለኝ። መሄድ እንደሌለብኝ ሰው የወሰነልኝ መሰለኝ።

ሜትሮ

አብሮ በተላከ ሌላ ቁራጭ ወረቀት፦ ቴክላዬ፣ አውቶቡሱ እስከ ሃርሊንገን ይመጣል፤ እኛ እንቀበልሻለን። ሹራብ አታብዢ። እንቢ ካልሽ መጥቼ እጎትትሻለሁ፣ አሁን እጅ አለኝ። ፓውሊን


ዶፊን፣ ማኒቶባ
ማርች 6 ቀን 1996

ለወንድሜ ለሜትሮ፤

ሰላም ለሁለታችሁ።

እመጣለሁ። ሰኞ ማርች 18 በአውቶቡስ ተነስቼ ሐሙስ 21 ከሰዓት በኋላ ሃርሊንገን እደርሳለሁ። ለሳንባዬ ብዬ እንዳይመስልህ። ባሌ ከሞተ በኋላ አሥራ አንድ መከር የእህል መኪና ነድቻለሁ፤ ያንተ ዐሥር ሜትር ቤት አያስፈራኝም። እኔ እየነዳሁ አመጣችኋለሁ። ዶሪን ለማርች 28 የአንድ ሰው ቀጠሮ አግኝታለች፤ ሰውየው ስለሞተ ነው የተለቀቀው፣ ይህን ባልነግርህ ይሻል ነበር። ዓርብ ጠዋት ከተነሳን እንደርሳለን። የቤትህን ቁልፍ ለዶሪን ሰጥቻለሁ፤ እየገባች ትፈርማለች።

አንድ ነገር ብቻ። በወረቀት ዋሽቻለሁ፤ ፊት ለፊት ተቀምጬ አልዋሽም። ፓውሊን ከአውቶቡስ ስወርድ «ሳንባሽ እንዴት ነው?» ትለኛለች። ያን ጊዜ ሳንባዬ ደህና ነው እላታለሁ። ቀጥሎ የምትጠይቀውን ታውቀዋለህ። ስለዚህ እኔ ሳልደርስ ንገራት። ከአንተ አፍ ይሁን። አርባ ስድስት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ በአውቶቡስ ጣቢያ፣ ሻንጣ በያዘች ዘመድ አፍ መስማት አይገባትም።

ቴክላ


ከብራውንስቪል ወጣ ብሎ፣ ቴክሳስ
ማርች 15 ቀን 1996

ለእህቴ ለቴክላ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ በተመለስሽበት ቀን።

ይህ ደብዳቤ ዶፊን ሲደርስ አንቺ አውቶቡስ ላይ ነሽ። ከበርሽ ሥር ተኝቶ ይጠብቅሻል፤ የምታነቢው ሁሉም ነገር ከሆነ በኋላ ነው። ልጽፈው የቻልኩትም ለዚያ ነው።

ከሰስካችዋን ረድፍ ኤልመር የሚባል ጡረታ የወጣ የከብት ሐኪም አለ። ማክሰኞ ዕለት ማዳመጫውን ይዞ እንዲመጣ ለመንኩት።

«ሰው አላክምም» አለ።

«አታክመኝ፣ አዳምጠኝ ብቻ።»

ብዙ አዳመጠ። ጀርባዬን፣ ደረቴን፣ እንደገና ጀርባዬን። እግሬን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠበቀ፤ አልሞላም። ከዚያ ማዳመጫውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና፣

«ሜትሮ፣ በሬ ብትሆን ኖሮ ባለቤቱን ወደ ጎን ጠርቼ አናግረው ነበር» አለኝ።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አናገርኩህ።»

«መንገድ እችላለሁ?»

«አምስት ቀን ቁጭ ብለህ? እኔ አልጭንህም ነበር።»

«ባልሄድስ?»

«ባትሄድም» አለ፣ ሌላውን አልጨረሰውም። «በኦገስት ታክመህ ቢሆን ኖሮ» እንዳይለኝ ፈርቼ ነበር። አላለኝም፣ ጨዋ ሰው ነው። ለማንም እንደማይናገር ነገረኝ። ከሄደ በኋላ ሚስቱ ኬክ ይዛ መጣች፤ እንግዲህ ነግሯታል።

ለፓውሊን ልነግራት ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። ረቡዕ ስነሳ እንቁላል እየጻፈች አገኘኋት። ለፋሲካ፣ ቅርፊቱ ላይ በሰም ጌጥ እየሣለች። ታስታውሻለሽ፣ ሰሙን በመርፌው ብዕር እያቀለጡ እንደ ጸጉር የቀጠነ መስመር መሳል ይፈልጋል፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጣቶቿ እንቢ ሲሏት ብዕሯን ለቤተ ክርስቲያኑ ገበያ ሰጥታው ነበር። እዚህ ከአንዷ ተውሳ ነው። ትንፋሿን ይዛ መስመሩን ከእንቁላሉ ጫፍ እስከ ጫፍ አዞረችውና መነሻው ላይ ልክ አገናኘችው። ከዚያ ቀና ብላ «ምን ፈልገህ ነው?» አለችኝ። «ሻይ» አልኳት።

ሐሙስ እንደገና ሞከርኩ። አርባ ልትጽፍ ነው፣ ለረድፉ ሁሉ። «አሥራ ሁለቱን ግን አላድልም» አለች፤ «ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ እዚሁ እተዋቸዋለሁ፣ የቢሮዋ ሴትዮ ትጠብቅልኛለች። ለኖቬምበር ይህንኑ ቦታ ይዣለሁ፣ አስመዝግቤአለሁ። ቴክላም ከጎናችን።» ስምሽን ስትጠራ ደስ ብሏት ነው። «መልካም» አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ፓውሊን» አልኳት። «እ» አለች፣ ዓይኗን ከሰሙ ሳታነሳ። «ፓውሊን» አልኩ ደግሜ። «ስሜ ነው፣ ቀጥል» አለች። ሰው አንኳኳና ተነሳች።

ዊኒፔግ ብደርስ ቀዶ የሚያክሙኝ ሐኪሞችም ኤልመር የሰማውን ነው የሚሰሙት። ስለዚህ አትቸኩዪ። አንቺ ስትደርሺ ከበር ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ኮፍያዬን አድርጌ ተቀምጬ ታገኚኛለሽ፣ ደህና ሰው መስዬ። ዓርብ እንነሳ ትያለሽ፣ እኔም እሺ እላለሁ። መሪውን እሰጥሻለሁ። ግራ የምትታጠፊ ጊዜ ሰፋ አድርጊው፣ ኋላው ይጎተታል። ፓውሊንን ከፊት አስቀምጪያት፣ መንገድ ማየት ትወዳለች። እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ኦክላሆማ ይሁን ካንሳስ አላውቅም፤ ብቻ የመጨረሻዬ ሲደርስ መኪናውን ከመንገዱ ወጣ አድርገሽ አቁሚ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ሳይሆን ሰው ያለበት።

ሐሙስ ነው የምትገቢው። ረቡዕ እነግራታለሁ። በእንቁላሎቹ መሐል ክፍት ቦታ አይቼ፣ እጇን ይዤ እነግራታለሁ።

ይህን ስታነቢ ሳልነግራት ቀርቼ ከሆነ፣ አንቺ ነሽ የነገርሻት ማለት ነው። ጣቢያው ላይ፣ ሻንጣሽን እንደያዝሽ። ይቅር በይኝ።

ሜትሮ